የመጨረሻው መጽሐፍ ዕዳ

የደብረ ብርሃን ብርድ ልጆችን በጊዜ ምድጃ ዳር ይሰበስባል። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። የገብስ ቆሎ በሰፌድ ቀርቦ፣ ኩበቱ እየነደደ፣ አያታችን ተረት ያወራሉ። ተረቱ ሲያልቅ ማለቁን የሚያሳውቁበት የታወቀ መንገድ ነበራቸው። ተረታቸውን እንድንመልስላቸው፣ አፋቸውንም በዳቦ እንድናብስላቸው ይጠይቁናል። ከዚያ ወዲያ ብንለምን፣ ብናለቅስ ንቅንቅ የለም። ጅቡም ወደ ጎሬው፣ እኛም ወደ መኝታችን። አንዳንድ ማታ ግን መሐል ላይ ያሸልባቸዋል። ያን ለት እንቅልፍ በዐይናችን አይዞርም። ልጅቷ ከጅቡ ቤት ወጣች ወይስ እዚያው ቀረች? ጠዋት ስንጠይቃቸው የትኛው ተረት እንደነበር እንኳ አያስታውሱትም።

ትልቅ ሰው ሆኜም ያ ሌሊት ይመላለስብኛል። በተለይ አንድ ተከታታይ መጽሐፍ ጀምሬ ቀጣዩን ቅጽ ስጠብቅ። በክርስትና እምነት ላይ የቆመ ምናባዊ ልብ ወለድ፣ ያውም በየቅጹ የሚወጣ፣ በአማርኛ እየተለመደ መጥቷል። መክፈቱን የሚችሉበት ደራሲዎች አሉን። መዝጋቱ ላይ ግን ገና ብዙ ይቀረናል። ስለዚህ በዚህ ዳሰሳ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ረጅም መንገድ አብሮ የተጓዘ አንባቢን የሚያጠግብ የመጨረሻ መጽሐፍ ምን ዓይነት ነው? የማምነውን አስቀድሜ ልናገር። ምስጢር መፍታት ብቻውን አያጠግብም። የሚያጠግበው፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ የገባውን ቃል የመጨረሻው ሲከፍለው ነው። የመጨረሻ መጽሐፍ ባለ ዕዳ ሆኖ ይወለዳል።

በዓለም ላይ በዚህ ነገር ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው። የናርኒያን ሰባት መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ አንድ እያለ አወጣ። ሰባተኛው «የመጨረሻው ውጊያ» የእንግሊዝን የልጆች መጻሕፍት ከፍተኛ ሽልማት፣ ካርኔጊ ሜዳሊያን፣ አስገኝቶለታል። ታሪኩ የሚጀምረው በዝቅተኛ ቦታ፣ በተንኮል ነው። አንድ ዝንጀሮ የዋህ አህያ ጓደኛውን የአንበሳ ቆዳ አልብሶ፣ ናርኒያን የፈጠረው አንበሳ አስላን ተመልሶ መጥቷል ብሎ ሕዝቡን ያታልላል። የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ለምናውቅ ለእኛ የአንበሳ ለምድ የለበሰ አህያ እንግዳ አይሆንብንም። ሐሰተኛው አንበሳ የተቀመጠው በአንድ በረት ውስጥ ነው። ውጊያው ሁሉ የሚካሄደው በዚያ በረት በር ላይ ሲሆን፣ በሩን አልፎ የገባ ሰው ግን በረት አያገኝም። ሰማዩ ሰፊ፣ ሣሩ ለምለም የሆነ አገር ያገኛል። ውስጡ ከውጪው ይሰፋል። ቤተልሔምን የሚያስብ አንባቢ ሉዊስ የትኛውን በረት እንዳሰበ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚያ ፍጻሜው ይመጣል። መለከት ይነፋል፣ ከዋክብት ይወርዳሉ፣ ፍጥረት ሁሉ በበሩ ፊት ያልፋል። የአስላንን ፊት በፍቅር ያየ በቀኝ ይገባል፤ በጥላቻ ያየ በግራ ወደ ጥላው ይሄዳል። ባሕሩ ምድሩን ከዋጠ፣ ፀሐይም ከጠፋች በኋላ አስላን በሩን እንዲዘጋ ያዘዘው ከዓለማችን ወደ ናርኒያ ከገቡት ልጆች አንዱን፣ ጴጥሮስን ነው። ጴጥሮስም የወርቅ ቁልፍ አውጥቶ አሮጌዋን ናርኒያ ይቆልፋል። ስሙንና ቁልፉን አንድ ላይ ላየ ክርስቲያን ይህ የሰባት መጻሕፍት ጉዞ ማሠሪያ ነው። አንባቢው የሚወዳት አገር ስትጠፋ ያለቅሳል፤ ወዲያው ደግሞ የጠፋችው ጥላዋ እንደነበረች፣ እውነተኛዋ ከፊቱ እንዳለች ያያል። መጀመሪያ የተገባው ቃል ይህ ነበር፤ ተከፈለ።

አንድ ወታደርም አለ። ኤሜት ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ በጠላት አምላክ አምኖ፣ ግን በቅን ልብ እውነትን ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። አስላን ይቀበለዋል። ስሙ በዕብራይስጥ «እውነት» ማለት ነው፤ በግእዙ «አማን» ከምንለው፣ «አሜን» ብለን ከምንዘጋበት ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። ያን ገጽ ሳነብ መጽሐፉ ለጊዜው በእኛ ቋንቋ የተናገረኝ መሰለኝ።

ሆኖም ሉዊስ አንድ ዕዳ ሳይከፍል ቀርቷል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ከነገሡት አራት ልጆች መካከል ሱዛን በመጨረሻው ላይ የለችም። በከንፈር ቀለምና በግብዣ ጥሪ ተጠምዳ ናርኒያን ረስታለች ተብሎ በጥቂት መስመር ታልፋለች። ወንድሞቿና እኅቷ በባቡር አደጋ ሞተው ወደ አዲሲቱ አገር ሲገቡ፣ እሷ በዚህ ዓለም ብቻዋን ቀርታለች። በመጀመሪያው መጽሐፍ አንዴ የነገሠ ለዘለዓለም ንጉሥ ነው ተብሎ ተነግሯት ነበር። ሉዊስ በኋላ ለአንድ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሱዛን በራሷ መንገድ ልትደርስ ትችላለች ብሏል። ደብዳቤ ግን መጽሐፍ አይደለም። የቀሩት ሁሉ ጠግበው ሲወጡ አንባቢው ዘወር ብሎ የሚያያት እሷን ነው። ለእኔ «የመጨረሻው ውጊያ» ከእነ ጉድለቱ የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ምርጥ መዝጊያ ነው፤ ጉድለቱም ሕጉን ያስተምረናል።

የሉዊስ ወዳጅ ቶልኪን በ1955 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቀለበቶች ጌታ ሦስተኛ ቅጽ ሌላ መንገድ ሄዷል። አገሩን ያዳነው ፍሮዶ በዳነችው አገር መኖር አቃተው። ቁስሉ አልሽር ብሎት በመርከብ ይሄዳል። አሽከሩ ሳም ግን ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ ይመለሳል። ድል ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውን የከፈለውና ፍሬውን የሚበላው ደግሞ አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። አድዋን የምናውቅ ሰዎች ይህ ይገባናል። በአንጻሩ በአሜሪካ ከ1995 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. በ16 መጻሕፍት የወጣው፣ በራእየ ዮሐንስ ላይ የተመሠረተው «ወደ ኋላ የቀሩ» የተባለው ተከታታይ በሚሊዮኖች ቢሸጥም፣ ትንቢቶቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ መፈጸማቸውን ሲያስመዘግብ ሰዎቹን ረሳቸው። አንባቢ አውቆት የገባውን ፍጻሜ መልሶ መንገር ዕዳ መክፈል አይሆንም።

ዮሐንስ ራሱ እንዲህ አላደረገም። እኛ አቡቀለምሲስ የምንለው መጽሐፍ የቅዱሳት መጻሕፍት ማሳረጊያ ነው። ዘፍጥረት በገነት፣ በወንዝና በሕይወት ዛፍ ይጀምራል፤ ዛፉም በኪሩብ ሰይፍ ይታጠራል። ራእዩ ሲያበቃ ወንዙ እንደገና ይፈሳል፣ ዛፉም እንደገና ያፈራል። አትክልት የነበረው ግን ከተማ ሆኗል። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ደም፣ ያ ሁሉ ስደት ባዶ አልቀረም። የጠፋው እንዳለ አልተመለሰም፤ አድጎ ተመለሰ። ለመጨረሻ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ሰሜን ሸዋ ልመለስ፤ ምክንያቱም ጥያቄው እዚህ ጥንታዊ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት ቦታ ከተማና ቤተ ክርስቲያን አቁመው ደብረ ብርሃን ብለው ሰየሙት፤ የመጨረሻ ዘመናቸውንም እዚሁ አሳለፉ። ተአምረ ማርያም በእመቤታችን በዓላት በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ከዐረብኛ የተመለሰው ተአምር በአገራችን እየሰፋ ሄደ፤ በንጉሡ ዘመን ተፈጸሙ የተባሉትም ተጨመሩበት። ተአምሩ ሲነበብ ያየ ሰው ያውቀዋል። መጽሐፉ አትሮንስ ላይ ይዘረጋል፣ ምእመኑ መቋሚያውን ተደግፎ ይቆማል፣ እያንዳንዱ ተአምር በጸሎት ይከፈታል፣ በጸሎት ይዘጋል። ሙሉው መጽሐፍ ግን መጨረሻ ቅጽ የለውም። አዲስ ተአምር በተሰማ ቁጥር ብራና ይጨመርበት ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተአምርና ገድል ለምእመን ልብ ወለድ አይደሉም፤ እኔም እንደ ልብ ወለድ ልመዝናቸው አልነሣም። አወራረዳቸውን፣ አዘጋጋቸውን ግን ደራሲ ሊማርበት ይገባል። የቡልጋው ልጅ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል እንዴት እንደሚያበቃ እንመልከት። ከደብረ ዳሞ ሲወርዱ ገመዱ ተቆርጦ ስድስት ክንፍ የተሰጣቸው ጻድቅ፣ በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩት አባት፣ በዕረፍታቸው ጊዜ ኪዳን ይቀበላሉ። ስማቸውን የሚጠራ፣ ዝክራቸውን የሚዘክር፣ ገድላቸውን የሚያጽፍና የሚሰማ ሁሉ በቃል ኪዳኑ ውስጥ ይገባል። ይኸውላችሁ የአዘጋግ ጥበብ። የጻድቁ ሕይወት ያልቃል፤ ታሪኩ ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ በሰሚው እጅ ይገባል። በብራና መጻሕፍት የመጨረሻ ቅጠል ላይ ጸሐፊው ያጻፈውን፣ ያነበበውንና የሰማውን አንድ ላይ በጸሎት የሚያስበው በዚህ መንፈስ ነው።

አንኮበርም የራሷ ታሪክ አላት። ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ1840፣ አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ካይሮ ላይ የተረጎሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለንደን ታተመ። ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ያለው ረጅም ታሪክ በሕዝቡ መናገሪያ ቋንቋ በአንድ ጥራዝ ተገኘ ማለት ነው። ከአንኮበር ብዙም ሳይርቅ ጎንቾ ላይ የንጉሡ ወንድሞችና ዘመዶች በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራስሴላስ» በተባለ መጽሐፉ በአማራ ምድር በተራራ የተከበበ ሸለቆ ውስጥ ስለተዘጋባቸው የንጉሥ ልጆች የጻፈው አገራችንን ሳያይ ነው። ልጆቹ ከሸለቆው አምልጠው ደስታን ፍለጋ ይዞራሉ፤ የመጨረሻው ምዕራፍም ምንም ነገር እንዳልተቋጨ በርእሱ ይናገራል። ጎንቾ ላይ የታሰሩትን ግን የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ አንኮበር በነበረበት ዘመን ንጉሡ ፈታቸው። ጆንሰን ያልሰጠውን ፍጻሜ የሸዋ ታሪክ ሰጠ።

«ራስሴላስ»ን ወደ አማርኛ የመለሱት ሲራክ ኅሩይ ናቸው። አባታቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ የመርሐቤቴ ሰው ነበሩ፤ በስደት ላይ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በ1938 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉ ድረስ ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል። በ1915 ዓ.ም. የታተመው «ወዳጄ ልቤ» ለእኔ የአማርኛ ክርስቲያናዊ ምናባዊ ድርሰት አባት ነው። ሰው ከገዛ ልቡ ጋር ይነጋገራል፣ ጠባያት ሰው ሆነው ይራመዳሉ። እስር ቤት ሆኖ የክርስቲያንን ጉዞ የጻፈው የጆን ቡንያን ጥላ በላዩ አለ፤ የቡንያን መጽሐፍም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአማርኛ ተተርጉሞ ነበር። ቡንያን በ1678 የመጀመሪያውን ክፍል ሲያወጣ ባልየው ያለ ቤተሰቡ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ ይደርሳል፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን ከኋላ ቀርተዋል። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1684 ሁለተኛውን ክፍል ለእነሱ ጻፈ። ሉዊስ ለሱዛን ያልከፈለውን ቡንያን ለሚስትየዋ ከፈለ። ሁለተኛው መጽሐፍ እንደ መጀመሪያው አይበረታም ይባላል፤ እኔ ግን በታማኝነቱ እወደዋለሁ።

ከኅሩይ በኋላ የመጡት የሰሜን ሸዋ ልጆች መንገዱን በከፊል ሄደውበታል። የመንዙ ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን በሦስት መጻሕፍት አውጥተው ትውልድ አስተምረውበታል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ምሳሌ በራሱ ስለሚዘጋ የቅጾቹ መቀጠል ዕዳ አያስከትልም። የተጉለቱ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውም በየልብ ወለዳቸው የዓለምን ከንቱነት በክርስቲያን ዐይን አሳይተዋል። በአማርኛ ረጅም ታሪክን በሦስት ቅጽ ጀምሮ መጨረስ እንደሚቻል ያሳየው ሃይማኖታዊ ያልሆነው የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» ነው፤ የአብዮቱን ዋዜማ፣ መባቻና ማግሥት ብሎ ገና ከርእሱ መጨረሻውን ቃል ገብቶ፣ ቃሉንም ፈጽሞታል። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ይስማዕከ ወርቁ የጣናን ገዳማት ከስለላና ከሳይንስ ጋር ያገናኘበት «ዴርቶጋዳ» እና ተከታዩ «ራማቶሓራ» ወጣቱን ወደ መጽሐፍ መደብር መልሰውታል። ያ ትልቅ ውለታ ነው።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ደረስኩ። በ2007 ዓ.ም. የዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» ታተመ፤ «ዝጎራ»፣ «መርበብት»ና «ሰበዝ» ተከተሉት። ደራሲው የደን ተመራማሪ ናቸው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ላይ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ስሙን ያገኘው በመንዝ ካለው እመጓ ኡራኤል ነው። የገዳምን ነገር፣ የዕውቀት ፍለጋንና ምናብን ባንድ ላይ ፈትለው፣ አንባቢው «ይህ እውነት ነው ወይስ ፈጠራ?» እያለ እንዲያነብ አድርገውታል።

የእኛን ተከታታይ ከናርኒያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ወደ ናርኒያ የሚገባው በቁም ሣጥን ነው፤ ወደ መንዝ የሚሄደው በአውቶቡስ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማ በር ደርሶ፣ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ እኛ እናውቀዋለን። ጉሙን፣ ቁሩን፣ የገብስ ማሳውን፣ ጠርዙ ላይ የሚግጡትን ጭላዳዎች እናውቃቸዋለን። ሉዊስ የራሱ ፈጠራ ስለሆነች ናርኒያን በወርቅ ቁልፍ መቆለፍ ቻለ። እውነተኛ ስም ያለው ደብር ግን በልብ ወለድ ሊቆለፍ አይችልም። መጽሐፉ ባለቀ ማግሥት እዚያ ቅዳሴ አለ፣ ዲያቆኑ ደወል ይደውላል፣ ጥዱ ያድጋል። ታዲያ እንዲህ ያለው ተከታታይ በምን ይዘጋል?

በኪዳን ነው የምለው። የገድሉ አዘጋግ ለእኛ ደራሲዎች የተቀመጠ ነው፣ እስካሁን ግን እንደሚገባው አልተጠቀምንበትም። የመጨረሻው መጽሐፍ ምስጢሩን በሙሉ ላይገልጥ ይችላል፤ አበው ራሳቸው ምስጢርን ገልጠው አይጨርሱም። ነገር ግን በመጀመሪያው ገጽ የተነሣው ሰው የት እንደደረሰ፣ ፍለጋው ምን እንዳስከፈለው፣ የተገኘው ነገር ለማን እንደተላለፈ መንገር አለበት። መንገድ ላይ የተተወች ሱዛን መኖር የለባትም። ከዚያም ታሪኩ እንደ ኪዳኑ ከመጽሐፉ ወጥቶ በአንባቢው እጅ ይግባ። አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ደብሩ ሲሄድ ዛፉን በሌላ ዐይን ካየው፣ የብራናውን ጠባቂ በሌላ አክብሮት ከተሳለመ፣ ያ ተከታታይ ተዘግቷል፤ አጥግቧልም።

ለምን አይዘጋም ቢባል፣ ምክንያቱ የደራሲ ስንፍና ብቻ አይደለም። ብዙ ደራሲ የሚያሳትመው በራሱ ወይም በብድር ገንዘብ ነው። የወረቀቱ ዋጋ በየጊዜው ይንራል። አንዱ ቅጽ ካልተሸጠ ቀጣዩ አይታሰብም፤ አንዱ በጣም ከተሸጠ ደግሞ ታሪኩ ያለቀ ቢሆንም እንኳ ቀጥል የሚል ግፊት ይመጣል። ሁለቱም መጨረሻውን ይጎዳሉ። እኛ አንባቢዎችም ጥፋት አለብን፤ የመጀመሪያውን ቅጽ ተዋውሰን አንብበን ቀጣዩ ለምን ዘገየ ብለን እንቆጣለን።

ስለዚህ ልመናዬ ለሦስት ወገን ነው። አንባቢ ሆይ፣ የምትከታተለውን ተከታታይ ግዛው፤ ፎቶ ኮፒውን ተው። አሳታሚዎች፣ «ወዳጄ ልቤ»ን ከነማብራሪያው ለዛሬው ወጣት አድርሱት፤ ይህ መንገድ በእኛ አገር ከየት እንደተነሣ ይወቅ። ደራሲዎቻችን ደግሞ፣ የመጀመሪያውን ቅጽ ስታወጡ ጉዞው ስንት ቅጽ እንደሆነ ንገሩን። የመጨረሻው ሲወጣም ሽፋኑ ላይ «የመጨረሻው መጽሐፍ» ብላችሁ ጻፉበት፤ እኛም ዳቦውን ይዘን እንጠብቃለን።